ሥር የሰደዱ የአለርጂ ሕመሞችን በቤት ውስጥ መቆጣጠር፦ ለወሎ ቤተሰቦች የተዘጋጀ መመሪያ

አስም፣ የአፍንጫ አለርጂ፣ ችፌ እና የዓይን አለርጂ በተለያዩ የሰውነት ክፍሎች ላይ የሚታዩ ሕመሞች ቢሆኑም መነሻቸው ተቀራራቢ ነው። ሰውነት በራሱ ጉዳት የሌለውን ነገር፣ ለምሳሌ የአበባ ብናኝን፣ የቤት አቧራን ወይም ከድመት ቆዳ የሚረግፈውን ብናኝ፣ እንደ ጎጂ ነገር ይቆጥርና ኢሚውኖግሎቡሊን ኢ የተባለ ፀረ እንግዳ አካል ያመርትበታል። ይህ ፀረ እንግዳ አካል በአፍንጫ፣ በዓይን፣ በቆዳና በሳንባ ውስጥ በሚገኙ ማስት ሴሎች ላይ ተጣብቆ ይቆያል፤ ያው ነገር ተመልሶ ሲመጣም ሴሎቹ በደቂቃዎች ውስጥ ሂስታሚንና ሌሎች ኬሚካሎችን ይለቃሉ። ማስነጠሱ፣ ማሳከኩና የደረት መጨነቁ የሚመጣው ከዚህ ነው። ነገሩ ግን በዚህ አያበቃም። ከሰዓታት በኋላ ኢዮሲኖፊል የተባሉ ነጭ የደም ሴሎች ወደ ቦታው ይሰበሰባሉ፤ የአየር ቧንቧው ውስጠኛ ሽፋን ያብጣል፣ ይቆጣል፣ ለቀናትና ለሳምንታትም በዚያው ሁኔታ ሊቆይ ይችላል። ታማሚው ደህና ነኝ ብሎ ገበያ በሚወጣበት ቀንም ቢሆን ይህ ብግነት አለ።

ስለዚህ የእነዚህ ሕመሞች አያያዝ ሕመሙ ሲነሳ ከመሯሯጥ ይልቅ ሳይነሳ በየቀኑ ብግነቱን በማብረድ ላይ ማተኮር አለበት። ብዙ ቤት የሚደረገው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ትንፋሽ ሲያጥር ለመርፌ ይሮጣል፣ ሲሻል መድኃኒቱ መሳቢያ ውስጥ ይረሳል። የሚከተለው ምክር ይህን ልማድ መለወጥ ለሚፈልጉ ታማሚዎችና ቤተሰቦቻቸው የተዘጋጀ ሲሆን፣ የጤና ባለሙያን ምርመራ የሚተካ አይደለም።

ሕመሙን አስቀድሞ ማረጋገጥ

የሚያስል ሁሉ አስም የለበትም። የአስም ምልክቶች ሳል፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የደረት መጨነቅና በሚተነፍሱበት ጊዜ የሚሰማ የማፏጨት ድምፅ ሲሆኑ፣ ከሌላው በሽታ የሚለያቸው ከጊዜ ወደ ጊዜ መለዋወጣቸው ነው፤ ሌሊትና ንጋት ላይ ይብሳሉ፣ በብርድ፣ በጭስ፣ በሩጫ ወይም በጉንፋን ይነሳሉ፣ በመሃሉም ታማሚው ምንም እንዳልነበረበት ይሆናል። በልጅነቱ ችፌ የነበረበት ወይም በቤተሰቡ ውስጥ አለርጂ ያለበት ሰው ከሆነ ጥርጣሬው ይጠነክራል። በሌላ በኩል ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል፣ በተለይም ክብደት መቀነስ፣ የሌሊት ላብ፣ ትኩሳት ወይም ደም የቀላቀለ አክታ ከታየበት፣ ከሁሉ በፊት ለሳንባ ነቀርሳ መመርመር አለበት። ለብዙ ዓመታት ጭስ በሞላው ማድ ቤት ስትጋግር የኖረች እናት ዕድሜዋ ከ40 ካለፈ በኋላ የጀመራትና እምብዛም የማይለዋወጥ የትንፋሽ ማጠርም ከአስም ይልቅ ጭስ ያመጣው ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ ሊሆን ይችላል። ጋደም ሲሉ የሚብስና ከእግር እብጠት ጋር የመጣ የትንፋሽ ማጠር ከሆነ ደግሞ ልብ መታየት ይኖርበታል፤ በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ሳቢያ የሚከተለው የልብ በሽታ በአገራችን በወጣቶችም ላይ ስለሚገኝ የታማሚው ዕድሜ ማዘናጊያ መሆን የለበትም።

ስለ ደም ምርመራም አንድ ነገር መባል አለበት። የአንጀት ትላትል ኢዮሲኖፊልንም ሆነ ኢሚውኖግሎቡሊን ኢን ከፍ ያደርጋል። ትላትል በሚበዛበት አካባቢ የሚኖር ሰው በደሙ ውስጥ እነዚህ ከፍ ብለው ስለተገኙ ብቻ አለርጂ አለበት ማለት አይቻልም፤ ውድ የሆነ ምርመራ አድርጎ የሚመለስ ሰውም ውጤቱን ከምልክቶቹ ጋር አገናዝቦ የሚያስረዳው ሐኪም ማግኘት ይኖርበታል። ብዙውን ጊዜ በጥሞና የተነገረ የሕመም ታሪክና ትንፋሽን በኃይል በማስወጣት የሚደረገው ቀላል የትንፋሽ መለኪያ ከደም ምርመራው የተሻለ ይናገራል።

ለመጀመሪያ ምርመራ የሚቀርበው ጤና ጣቢያ ነው። ከዚያ በላይ የሚያስፈልገው ታማሚ በደሴ፣ በወልዲያና በሌሎች ከተሞች ወዳሉ ሆስፒታሎች ይላካል፤ ለቆዳና ለዓይን ደግሞ በእነዚህ ሕክምናዎች የሚታወቀው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ከደሴ ሩቅ አይደለም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነ ሰው የሪፈር ወረቀቱን ከጤና ጣቢያው ይዞ ቢሄድ ከአላስፈላጊ ወጪ ይድናል።

ሕመሙን የሚቀሰቅሰውን ነገር ማወቅ

አንድ ተራ የተማሪ ደብተር መግዛትና ለአንድ ወር ያህል በየቀኑ ሦስት ነገሮችን መጻፍ ይበቃል፦ ምን ምልክት ታየ፣ በስንት ሰዓት፣ ከዚያ በፊት ታማሚው የት ነበር ወይም ምን ይሠራ ነበር። ማንበብና መጻፍ ለማይችሉ ወላጆች የትምህርት ቤት ልጅ ሊጽፍላቸው ይችላል። በወሩ መጨረሻ ደብተሩን ያየ ባለሙያ በአንድ ጊዜ ጥያቄና መልስ ሊያገኘው የማይችለውን ነገር ያገኝበታል።

ከሁሉ ቀድሞ መታየት ያለበት ማድ ቤት ነው። የማገዶ ጭስ ራሱ አለርጂ የሚያመጣ ነገር አይደለም፤ ነገር ግን አስቀድሞ የተቆጣን የአየር ቧንቧ የበለጠ ያስቆጣል፣ በልጆች ሳንባ ላይ ደግሞ የራሱን ጉዳት ያደርሳል። እንጨት እየጠፋ በሄደባቸው እንደ ደላንታና ዋድላ ባሉ ደጋማ ወረዳዎች ኩበት በብዛት ስለሚነድ፣ ጭሱም ከደረቅ እንጨት ጭስ የከፋ ስለሆነ፣ ጉዳዩ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። የሚቻለው ማድ ቤቱን ከመኖሪያው ቤት መለየት፣ በጣሪያው ሥር ጭስ መውጫ መክፈት፣ ማገዶውን በደንብ ማድረቅና ምጣዱን «ምርጥ» እንደሚባለው ባለ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ላይ መጣድ ነው። ወጪ የማይጠይቀውና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው እርምጃ ግን ሌላ ነው፤ ሕፃን አዝሎ አለመጋገር። አስም ያለበትን ልጅ እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት አያቱ ዘንድ ወይም ግቢ ውስጥ ማቆየት ከብዙ መድኃኒት የሚበልጥ ጥቅም አለው። አስም ያለባት ሴት ራሷ ከሆነች ደግሞ ቤተሰቡ የጋገራውን ተራ መከፋፈል አለበት፤ ይህን ለባልየው መንገር የባለሙያው ሥራ ቢሆን ይሻላል፣ ከሚስቱ አፍ ሲሰማ ሰበብ የሚመስለው አይጠፋምና።

እጣን፣ ሰንደልና አድሩስ ሌላው ጉዳይ ናቸው። በወሎ ቡና ያለ እጣን፣ ወዳጃም ያለ ጭስ የተሟላ እንደማይመስል አውቃለሁ፤ ስለዚህ ተዉት ማለት የማይሰማ ምክር ነው። የሚሰማው ምክር ቡናው በረንዳ ላይ ወይም በሩና መስኮቱ በተከፈተ ክፍል እንዲፈላ፣ እጣኑ በመጠኑ እንዲጨስና አስም ያለበት ሰው ከማጨሻው ርቆ በበሩ በኩል እንዲቀመጥ ማድረግ ነው። ሲጋራና ሺሻ ግን መደራደሪያ የላቸውም፤ አስም ባለበት ቤት ውስጥ ሊጨሱ አይገባም።

የቤት አቧራ በውስጡ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ተባዮችን ይይዛል፤ እነዚህ ተባዮች እርጥበትና ሙቀት ሲያገኙ በፍራሽ፣ በትራስና በወፍራም ብርድ ልብስ ውስጥ ይራባሉ። ክረምት ላይ ጉም በማይለያቸው ደሴና አካባቢዋ እርጥበቱ ሻጋታም ያመጣል። አንሶላና የትራስ ልብስን በየሳምንቱ በሙቅ ውሃ ማጠብ፣ ባናና ጋቢን ፀሐይ ላይ አስጥቶ ከቤት ውጭ ማራገፍ፣ የጭድ ፍራሽን መተው፣ ሲጠርጉ ወለሉን ውሃ ረጭቶ መጥረግና ታማሚው በዚያ ሰዓት ውጭ እንዲቆይ ማድረግ ጠቃሚ ነው። ይሁን እንጂ ገንዘብ ያጠረው ቤተሰብ ልዩ የፍራሽ ሽፋን ለመግዛት ከመድከሙ በፊት ገንዘቡን በመድኃኒቱና በምድጃው ላይ ቢያውል እመርጣለሁ፤ ተባዮቹን ለመቀነስ ተነጥለው የሚወሰዱ እርምጃዎች በአስም ላይ የሚያመጡት ለውጥ አነስተኛ ሆኖ ተገኝቷል። በጎች፣ ዶሮዎችና ድመት ሰው በሚተኛበት ክፍል ማደራቸው ግን መቅረት አለበት።

ወቅቶችን ማስተዋልም ይጠቅማል። መስከረምና ጥቅምት ላይ የሣርና የአበባ ብናኝ ይበዛል፤ ከኅዳር ጀምሮ የውቂያው ብናኝና የንጋት ብርድ ይተካዋል። ጤፍ ሲወቃ ወይም እህል በመንሽ ወደ ነፋስ ሲበተን አስም ያለበት ገበሬ ከነፋሱ መምጫ በኩል ቢቆም፣ አፍና አፍንጫውን በጭንብል ቢሸፍን፣ ማታም ልብሱን ደጅ አራግፎ ፊቱንና ፀጉሩን ታጥቦ ቢገባ ይሻለዋል። ኅዳር 12 ቀን በየመንደሩ ቆሻሻ የሚቃጠልበት ልማድ በ1911 ዓ.ም. ከገባው የኅዳር በሽታ ጋር የተያያዘ ነው፤ ያን ማለዳ ታማሚውን ቤት ውስጥ መስኮት ዘግቶ ማቆየት የዓመቱን አንድ አስቸጋሪ ቀን ያሳልፋል። ወፍጮ ቤት የሚሠራ ሰው ሳሉ በሥራ ቀን ብሶ በእረፍት ቀን የሚቀልለው ከሆነ የዱቄቱ ብናኝ ራሱ አስሙን አምጥቶበት ሊሆን ስለሚችል ለሐኪሙ ሥራውን ሳይደብቅ መናገር አለበት።

መድኃኒቱን መረዳትና በትክክል መውሰድ

የአስም መድኃኒቶች ሁለት ዓይነት ሥራ አላቸው። አንደኛው የአየር ቧንቧውን የጨመደደውን ጡንቻ ለቀቅ አድርጎ በደቂቃዎች ውስጥ እፎይታ የሚሰጥ ማስታገሻ ሲሆን፣ በእኛ ዘንድ በብዛት የሚታወቀውና አብዛኛውን ጊዜ በሰማያዊ ፓፍ፣ ማለትም እየተረጨ በአፍ በሚሳብ መድኃኒት መያዣ፣ የሚመጣው ሳልቡታሞል ነው። ሁለተኛው እንደ ቤክሎሜታዞንና ቡዴሶናይድ ያለው የሚሳብ ስቴሮይድ ነው፤ ይህ ወዲያው የሚሰማ ለውጥ ባይሰጥም ከሥሩ ያለውን ብግነት የሚያበርደው እርሱ ነው። ሳልቡታሞል ብቻውን ሲወሰድ ምልክቱ ይጠፋል፣ ብግነቱ ግን እንዳለ ይቀጥላል። በዚህ ምክንያት የዓለም አቀፉ የአስም መመሪያ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዋቂዎችና ጎረምሶች በሳልቡታሞል ብቻ እንዳይታከሙ፣ አስሙ ቀላል ቢሆንም እንኳ የሚሳብ ስቴሮይድ እንዲያገኙ ይመክራል። ቡዴሶናይድንና ፎርሞቴሮልን በአንድ ላይ የያዘው ፓፍ ሁለቱንም ሥራ ስለሚሠራ ተመራጭ ነው፤ እርሱ ካልተገኘ ወይም ከአቅም በላይ ከሆነ ቤክሎሜታዞንን በየቀኑ፣ ሳልቡታሞልን ደግሞ ሲያስፈልግ ብቻ መውሰድ ይቻላል። 200 ጊዜ የሚረጨውን የሳልቡታሞል ፓፍ በዓመት ውስጥ ሦስትና ከዚያ በላይ የሚጨርስ ሰው ለከባድ የአስም ጥቃት የተጋለጠ መሆኑን ማወቅ አለበት።

ፓፍ ሱስ ያስይዛል፣ ወይም የመጨረሻ ደረጃ ላይ ለደረሰ ሰው የሚሰጥ ነው የሚለው አባባል በሰፊው ይነገራል፤ እውነት አይደለም። ስሌቱ ራሱ ተቃራኒውን ያሳያል፦ አንድ አዋቂ በከባድ ጥቃት ጊዜ በቀን የሚወስደው 40 ሚሊግራም ፕሬድኒሶሎን የተባለ የስቴሮይድ ክኒን፣ 200 ማይክሮግራም ከሆነው የቀን የፓፍ መጠን በክብደት 200 እጥፍ ሲሆን፣ ክኒኑ በደም በኩል መላ ሰውነትን ያዳርሳል፣ ፓፉ ግን በአመዛኙ እዚያው ሳንባ ላይ ይሠራል። ፕሬድኒሶሎን በጥቃት ጊዜ ሕይወት የሚያድን መድኃኒት ነው፤ ለአዋቂ ከ5 እስከ 7 ቀን በሐኪም ትእዛዝ ይወሰዳል። ሐኪም ሳያየው በየወሩ ከመድኃኒት ቤት እየገዙ መውሰድ ወይም የዴክሳሜታዞን መርፌ መወጋት ግን አጥንትን ያሳሳል፣ የደም ስኳርንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ በዓይን ላይ ሞራ ያመጣል። ቴዎፊሊንና ኤፌድሪን የተቀላቀሉበት ክኒንም ርካሽ ስለሆነ ይወደዳል፤ ልብ የሚያስመታ፣ እንቅልፍ የሚነሳና ብግነቱን የማያበርድ በመሆኑ የዘወትር ሕክምና ሊሆን አይገባውም።

ፓፉ ጥሩ ሆኖ አወሳሰዱ ከተበላሸ መድኃኒቱ ምላስና ጉሮሮ ላይ ይቀራል። መጀመሪያ ክዳኑን ከፍቶ አፉ ውስጥ ባዕድ ነገር አለመኖሩን ማየት፣ ከዚያ በደንብ መነቅነቅ ያስፈልጋል፤ አዲስ ከሆነ ወይም ለቀናት ሳይነካ ከቆየ አስቀድሞ ወደ አየር ጥቂት ጊዜ መርጨት ይገባል። ታማሚው ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ወይም ቆሞ ትንፋሹን ቀስ ብሎ ያስወጣል፣ የፓፉን አፍ በጥርሶቹ መካከል አስገብቶ በከንፈሩ አጥብቆ ይይዛል፣ በዝግታ መሳብ ሲጀምር ወዲያው አንድ ጊዜ ይጫናል፣ መሳቡንም ሳያቋርጥ ሳንባው እስኪሞላ ይቀጥላል፤ ከዚያ ትንፋሹን እስከ 10 ሰከንድ ይይዛል። ሁለተኛ ፓፍ ከታዘዘ ከግማሽ ደቂቃ እስከ አንድ ደቂቃ ቆይቶ፣ እንደገና ነቅንቆ ይደግመዋል። ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ መርጨት መድኃኒቱን ማባከን ነው። ስቴሮይድ ከሆነ በመጨረሻ በውሃ ተጉመጥምጦ መትፋት አፍ ውስጥ ነጭ የፈንገስ ቁስል እንዳይወጣ ይከላከላል። በክትትል ቀን ባለሙያው «እስኪ አባባ፣ ቤት እንዴት እንደሚወስዱት ያሳዩኝ» ቢል ሊከፉ አይገባም፤ ካላለም ፓፉን ይዞ ሄዶ እዩልኝ ማለት የታማሚው መብት ነው።

መጫኑንና መሳቡን ለማገጣጠም ለሚቸገሩ፣ ለልጆችም ሁሉ፣ ስፔሰር የተባለው ባዶ መያዣ ያስፈልጋል። ተገዝቶ የሚገኝ ካልሆነ ግማሽ ሊትር የሚይዝ የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ሊተካው ይችላል፤ በደቡብ አፍሪካ በልጆች ላይ በተደረገና በ1999 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት በአግባቡ የተሠራ ጠርሙስ በፋብሪካ ከተሠራው ጋር የሚቀራረብ ውጤት ሰጥቷል። በጠርሙሱ መቀመጫ በኩል የፓፉን አፍ ቅርጽና ልክ የያዘ ቀዳዳ በጋለ ሽቦ ይበሳል፣ ፓፉ ሲገባ አየር እንዳያሾልክ ዙሪያው በማጣበቂያ ይደፈናል፣ ልጁም በጠርሙሱ አንገት በኩል ይስባል። ከመጀመሪያው አጠቃቀም በፊት ጠርሙሱን በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አጥቦ ሳይወለውሉ በራሱ እንዲደርቅ መተው መድኃኒቱ በፕላስቲኩ ግድግዳ ላይ እንዳይቀር ይረዳል፤ የፕላስቲክ ፍርፋሪ አለመቅረቱም ይታይ። ልጁ ለእያንዳንዱ ፓፍ አምስት ጊዜ ያህል በእርጋታ ይተነፍስበታል። ጠርሙሱን አፉ ውስጥ አጥብቆ መያዝ የማይችል ሕፃን ግን የፊት ጭንብል ያለው ስፔሰር ያስፈልገዋል።

ብዙ ፓፎች ቆጣሪ ስለሌላቸው መቼ እንደሚያልቁ አይታወቅም። ውሃ ላይ አንሳፎ መገመት አስተማማኝ አይደለም፤ ማስላት ይሻላል። 200 ጊዜ የሚረጭ ፓፍ ጠዋት ሁለት ማታ ሁለት ከተወሰደ 50 ቀን ያገለግላል፤ የሚያልቅበትን ቀን በላዩ ላይ ጽፎ፣ ሳምንት ሲቀረው ሌላ መፈለግ ነው። በተለይ ከከተማ ርቀው የሚኖሩ ሰዎች መንገድ ሊዘጋ ወይም መድኃኒት ሊጠፋ እንደሚችል አስበው አንድ ትርፍ ቢይዙ አይቆጫቸውም።

አንዳንድ ሌሎች መድኃኒቶች አስምን ያስነሳሉ። ለልብና ለደም ግፊት የሚሰጠው ፕሮፕራኖሎል፣ ለግላኮማ የሚጨመረው የቲሞሎል የዓይን ጠብታ፣ በአንዳንድ ታማሚዎች ላይ ደግሞ አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ከእነዚህ ይቆጠራሉ። ማንኛውም መድኃኒት ሲገዛ አስም አለብኝ ብሎ መናገር ልማድ ይሁን። ነፍሰ ጡር ሴትም ፓፏን ማቋረጥ የለባትም፤ ለፅንሱ ይበልጥ አደገኛው የእናቱ ትንፋሽ ማጣት ነው።

ሕመሙ በቁጥጥር ሥር መሆኑን ለማወቅ ባለፉት አራት ሳምንታት አራት ነገሮችን መጠየቅ ይበቃል። በሳምንት ከሁለት ቀን በላይ በቀን ምልክት ታይቷል? አስሙ ከእንቅልፍ አንቅቶ ያውቃል? ማስታገሻው በሳምንት ከሁለት ቀን በላይ ተወስዷል? ከሥራ፣ ከመንገድ ወይም ከጨዋታ ያስቀረው ጊዜ አለ? አንዱም እንኳ አዎን ከሆነ ቀጠሮ ሳይጠብቁ መሄድ ይገባል። መልሱ ሁሉ አይደለም ከሆነ መድኃኒቱ እየሠራ ነው ማለት እንጂ ይቁም ማለት አይደለም፤ መጠኑን መቀነስ የሚቻለው አስሙ ለሦስት ወራት ያህል ረግቶ ሲቆይ፣ በሐኪም ምክር ነው።

ጥቃቱ ሲመጣ

ታማሚውን ቀጥ አድርጎ ማስቀመጥ፣ የአንገቱን ልብስ ማላላት፣ ከጭስ ማራቅና የከበበውን ሰው ማስለቀቅ ያስፈልጋል። ሳልቡታሞልን በስፔሰር አራት ጊዜ፣ እያንዳንዱን ለየብቻ መስጠት ነው፤ ለውጥ ከሌለ መኪና ወይም አምቡላንስ እየተጠራ በየ20 ደቂቃው ከ4 እስከ 10 ፓፍ ለመጀመሪያው አንድ ሰዓት ሊደገም ይችላል። ታማሚው አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተው፣ የጎድን አጥንቶቹ መሃል ወደ ውስጥ ከገባ፣ ምላሱና የከንፈሩ ውስጠኛ ክፍል ከጠቆረ፣ ካንቀላፋ ወይም ከተደናገረ ግን ለውጡን መጠበቅ አያስፈልግም፤ ፓፉን በመንገድ ላይ እየሰጡ ወደ ጤና ተቋም መሮጥ ነው። ሲያፏጭ የነበረ ደረት ሳይሻለው በድንገት ጸጥ ማለቱም መሻል ሳይሆን አየር መግባት ማቆሙ ሊሆን ይችላል። የባሕር ዛፍ ቅጠል ማጠን፣ እንጥል ማስቆረጥና ደረትን በእሳት መተኮስ በዚህ ሰዓት ጊዜ ያጠፋሉ፣ ተጨማሪ ጉዳትም ያደርሳሉ። የወረዳው አምቡላንስ ስልክ በግድግዳ ላይ ተጽፎ መቀመጥ ያለበት ከዚህ ቀን በፊት ነው።

አፍንጫ፣ ቆዳና ዓይን

ያልታከመ የአፍንጫ አለርጂ አስምን ስለሚያባብስ ሳይነስ ነው ተብሎ መተው የለበትም። ሩብ ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ያህል ንጹሕ ጨው በጥብጦ አፍንጫን በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ማጠብ ብናኙን ያስወግዳል፤ ያልፈላ የቧንቧ ወይም የምንጭ ውሃ ለዚህ አይሆንም። ዋናው ሕክምና የስቴሮይድ የአፍንጫ ስፕሬይ ነው። ራስን በትንሹ ወደፊት አዘንብሎ በቀኝ እጅ ወደ ግራው ቀዳዳ፣ በግራ እጅ ወደ ቀኙ፣ ከመሃለኛው አጥንት አርቆ መርጨት ደም እንዳይፈስ ይረዳል፤ ሙሉ ውጤቱ እስከ ሁለት ሳምንት ሊወስድ ይችላል። የተዘጋ አፍንጫን በቅጽበት የሚከፍቱ እንደ ዛይሎሜታዞሊን ያሉ ጠብታዎች ከአምስት ቀን በላይ ከተወሰዱ መዘጋቱን ራሳቸው ያመጡታል። ከክኒኖች ሴትሪዚንና ሎራታዲን ከክሎርፌኒራሚን ያነሰ እንቅልፍ ያመጣሉ፤ ክሎርፌኒራሚን ውጦ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ መንዳት ለሹፌሩም ለተሳፋሪውም አደጋ ነው።

ችፌ የሚይዘው ቆዳ ውሃን መያዝ ያቃተው ቆዳ ነው። አጭር ገላ መታጠብ በለብታ ውሃና ሽታ በሌለው ሳሙና፣ ከዚያም ቆዳው እርጥብ እንዳለ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ቫዝሊን መቀባት የሕክምናው ግማሽ ነው፤ በቆዳው ላይ ምንም ባይታይም በየቀኑ ይደረጋል። ኦሞና እንዶድ ልብሱ ላይ ከቀሩ ስለሚያሳክኩ በደንብ ማለቅለቅ፣ የሱፍ ልብስን ከገላ ጋር አለማገናኘት፣ የልጁን ጥፍር ማሳጠር ይጠቅማል። ሲቆጣ የሚቀባው የስቴሮይድ ቅባት መጠን የሚለካው በጣት ነው፤ ከአዋቂ ሌባ ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው አንጓ ድረስ የወጣው ቅባት ለሁለት መዳፍ ስፋት ይበቃል። ለፊት የሚሆነው ቀለል ያለው፣ እንደ ሃይድሮኮርቲዞን ያለው ብቻ ነው። ፊት ያቀላሉ ተብለው ገበያ ላይ ከሚሸጡት ውስጥ ክሎቤታሶል የተባለውን ኃይለኛ ስቴሮይድ የያዙ ስላሉ፣ ስሙ በግልጽ ያልተጻፈበትን ቅባት በልጅ ቆዳ ላይ ማድረግ አይገባም።

በደጋው ፀሐይና አቧራ ውስጥ የሚውሉ ልጆች ዓይናቸው በየዓመቱ የሚያሳክክ፣ የሚቀላና ክር የሚመስል ፈሳሽ የሚያወጣ ከሆነ የዓይን አለርጂ ሊሆን ይችላል። ማሸት የዓይኑን መስታወት ቅርጽ እስከ ማበላሸት ይደርሳል፤ በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ የራሰ ጨርቅ መያዝና ባርኔጣ ማድረግ ይሻላል። ከመድኃኒት ቤት በግምት የሚገዛ የስቴሮይድ ጠብታ ማሳከኩን በፍጥነት ያጠፋል፣ ለወራት ሲጨመር ግን የዓይን ግፊትን ከፍ አድርጎ ሊያሳውር ስለሚችል ያለ ዓይን ሐኪም ክትትል አይወሰድም።

በደቂቃ የሚገድለው

ንብ ከነደፈች፣ የፔኒሲሊን መርፌ ከተወጋ ወይም የማይስማማ ምግብ ከተበላ በኋላ በደቂቃዎች ውስጥ ሳማ እንደነካው ቆዳ ያለ ሽፍታ ከወጣ፣ ከንፈርና ምላስ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ሰውየው ከወደቀ አናፊላክሲስ የተባለው መላ ሰውነትን የሚያጠቃ ከባድ አለርጂ ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ በጭን ውጫዊ ጎን ጡንቻ ላይ የሚወጋ አድሬናሊን ሲሆን የአዋቂ መጠኑ ግማሽ ሚሊግራም ነው፤ የአለርጂ ክኒን አይተካውም። ታማሚውን በጀርባው አስተኝቶ እግሩን ከፍ ማድረግ፣ ትንፋሽ ካስቸገረው ብቻ ቀና ማድረግ፣ በድንገት እንዳይነሳ መከልከል ያስፈልጋል። አንድ ጊዜ እንዲህ የሆነ ሰው የላስታን ማር የሚቆርጥ ንብ አርቢ ቢሆንም እንኳ ቀፎውን ለሌላ መስጠት አለበት፤ መድኃኒት ያስከተለበት ከሆነም ስሙን በወረቀት ጽፎ ከመታወቂያው ጋር ይያዝ።

ጾም፣ ጸበልና የግሸን መንገድ

በረመዳን ቀን ላይ ፓፍ መውሰድ ጾም ያፈርሳል ወይስ አያፈርስም በሚለው ላይ የሃይማኖት ሊቃውንት አስተያየት ይለያያል። የዘወትሩን ስቴሮይድ በሱሁርና በኢፍጣር ሰዓት መውሰድ ጥያቄውን አብዛኛውን ጊዜ ያቃልለዋል፤ ለዚህም ወሩ ሳይገባ ሐኪምንም ኢማምንም ማማከር ጥሩ ነው። ጥቃት ሲመጣ ግን ማስታገሻው ወዲያው ይወሰዳል። ጸበል የሚጠመቅ ታማሚም መድኃኒቱን ጎን ለጎን ይቀጥል፤ ንጋት ላይ የሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ደረቱን የሚያስጨንቀው ከሆነ ቀኑ ሞቅ ሲል እንዲጠመቅ ካህናቱን ቢጠይቅ ይሻላል።

መስከረም 21 ቀን ለሚከበረው የግሸን ማርያም በዓል ወደ አምባሰል የሚወጣ አስም ያለበት ሰው ከጉዞው ጥቂት ሳምንታት በፊት አስሙ የረጋ መሆኑን ያረጋግጥ፤ አቀበቱ፣ የሕዝቡ አቧራና የሌሊቱ ብርድ በአንድነት ስለሚያገኙት ያልረጋ አስም ይዞ መውጣት አይመከርም። ማስታገሻውና ስፔሰሩ በኪስ ይያዙ እንጂ በበቅሎ ከሚጫነው ጓዝ ጋር አይታሰሩ፤ ሐኪሙ ካዘዘም ዳገቱ ከመጀመሩ 15 ደቂቃ ቀደም ብሎ ይወሰድ። አፍንጫን በነጠላ ሸፍኖ በአፍንጫ መተንፈስ ብርዱን ያለዝባል፣ ለማደሪያም ከእሳቱ ጭስ የራቀ ቦታ ይመረጣል። ከጓደኞቹ ቢያንስ አንዱ ፓፉ የት ኪስ እንዳለና እንዴት እንደሚሰጥ አስቀድሞ ይወቅ። ሌሊት በብርድ የቀዘቀዘ ፓፍ መድኃኒቱን በሚገባ ስለማይረጭ ከመጠቀም በፊት በእጅ ጨብጦ ማሞቅ ያስፈልጋል፤ ወደ ባቲና ከሚሴ ቆላ የሚወርድ ደግሞ በፀሐይ በጋለ መኪና ውስጥ ትቶት እንዳይሄድ፣ ቆርቆሮው ሊፈነዳ ይችላልና።